የውሻ ሳል

የውሻ ሳል ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የጉሮሮ፣ የአየር ቧንቧ፣ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ምልክት ነው። መንስኤው ብዙ ስለሆነ የውሻው ዕድሜ፣ የሳሉ ድምፅና የሚብስበት ሰዓት ለእንስሳት ሐኪም ዋና ፍንጭ ናቸው።

በጣም ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱ ብዙ ውሾች አብረው በሚያድሩበት ቦታ በፍጥነት የሚዛመተው ተላላፊ የአየር ቧንቧ ሕመም ነው። ከሚያስከትሉት ተዋሲያን መካከል ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ የተባለው ባክቴሪያ ይገኛል፤ ይህም በልጆች ላይ ትክትክ የሚያመጣው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። ሳሉ ደረቅና ኃይለኛ ሲሆን ብዙ ጊዜ በማቅለሽለሽና ነጭ አረፋ በመትፋት ያበቃል። ውሻው ግን እንደወትሮው ይበላል፣ ይጫወታል፤ አብዛኛውን ጊዜም በ3 ሳምንት ውስጥ ይድናል። በቡችሎች ላይ ወደ ሳንባ ምች ሊለወጥ ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ዲስቴምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው። ከሳሉ ጋር ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥ፣ ኋላም መንቀጥቀጥ ይታያል። በ2010 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን የገደለው ይኸው ቫይረስ ነው። መከላከያ ክትባት አለው።

እንደ ዮርክሻየር ቴሪየር ባሉ ትናንሽ ዝርያዎች የአየር ቧንቧው ሊላላና ሊጠብብ ይችላል፤ የአንገት ማሰሪያው ሲሳብ ሳሉ ይነሣል። በእርጅና ላይ ያለ ውሻ ሌሊት ሌሊት ቢስል የልብ ሕመም ይጠረጠራል። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ ሐኪም ዘንድ በአስቸኳይ መወሰድ አለበት። በትንኝ የሚተላለፈው የልብ ትልም ሳል ያስከትላል። ለሰው የተሠራ መድኃኒት፣ በተለይ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን፣ ውሻን ሊመርዝ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ሳል ብዙ ጊዜ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰካ» ተብሎ ይታሰባል። በእርግጥም አንዳንዴ ይሰካል፤ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ በሚገኝባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ይህ ግምት አደገኛ ነው። በሽታው የጉሮሮን ጡንቻዎች ሽባ ሲያደርግ ውሻው መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ የጩኸቱም ድምፅ ይለወጣል፤ ሲያዩት የታነቀ ይመስላል። አጥንቱን ለማውጣት እጁን ወደ አፉ የሚያስገባ ሰው ሳይነከስ እንኳ በለሃጩ ሊያዝ ይችላል። ለሃጭ ቁስልን ከነካ ቦታው ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።