የቀይ የወይን ጠጅ ፊኖሎች የተለኩበት መንገድ

ቀይ የወይን ጠጅ ቀለሙንም ሆነ አፍን የሚያኮማትረውን ጎምዛዛነቱን የሚያገኘው ከፍሬው ልጣጭና ዘር ከሚወጡት ፊኖላዊ ውሑዶች ነው። እነዚህም ብዙና ልዩ ልዩ ሆነው ሳለ ኬሚስቶች ለረዥም ጊዜ በአንድ አኃዝ ጠቅልለው ሲገልጿቸው ቆይተዋል። ፎሊንና ቾካልቴው በ1927 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለፕሮቲን ምርመራ ያቀረቡት ፈሳሽ ከፊኖል ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ይሆናል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዴቪስ፣ ሲንግልተንና ሮሲ በ1965 ይህንኑ አሻሽለው ውጤቱ በጋሊክ አሲድ መጠን እንዲገለጽ አደረጉ። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ተታላይ ነው፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድንም አስኮርቢክ አሲድንም ከፊኖል ጋር ደምሮ ይቆጥራል።

«ምን ያህል ነው?» ከማለት አልፎ «የትኛው ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ያስቻለው ክሮማቶግራፊ ነው። ስሙን በ1906 ያወጣለት ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ሚኻይል ፅቬት ሲሆን፣ እርሱም የቅጠል ቀለሞችን በጠመኔ ዱቄት በተሞላ የመስተዋት ቱቦ አሳልፎ በየመልካቸው ለይቷል። ፅቬት የተወለደው በወይን ጠጇ በታወቀችው በኢጣልያዋ የአስቲ ከተማ መሆኑ ግጥምጥሞሽ እንጂ ሌላ አይደለም።

ጥያቄው ምን ያህል ክብደት እንዳለው በቦርዶ ታየ። በ1950ዎቹ ፓስካል ሪቤሮ ጋዮን የወይን ቀለሞችን በወረቀት ክሮማቶግራፊ ሲመረምር፣ ሁለት የግሉኮስ ሞለኪውል የተሸከሙት አንቶሲያኒኖች በአውሮፓው ወይን፣ በቪቲስ ቪኒፌራ፣ ዘንድ የሌሉ ያህል መሆናቸውን፣ ከአሜሪካ ወይን ጋር በተዳቀሉት በብዙዎቹ ግን መገኘታቸውን አሳየ። ስለዚህም የድቅል ወይን ጠጅ ተቀላቅሎበት በንጹሕ ስም ለገበያ የቀረበውን በወረቀቱ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ያጋልጠው ጀመር። ጠቅላላ ድምርን ብቻ የሚነግር ዘዴ ይህን ከቶ ሊያደርግ ባልቻለ ነበር።

በ1970ዎቹ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ወደ ወይን ጠጅ ምርመራ ገባ። ፓምፑ አሟሚውን ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች በታጨቁበት የብረት ዓምድ ውስጥ ይገፋል፤ ውሑዶቹም እያንዳንዳቸው በየሰዓታቸው ይወጣሉ። ብርሃን ለኪው ጋሊክ አሲድንና ካቴኪንን በ280፣ ካፌይክ አሲድንና ዘመዶቹን በ320፣ ፍላቮኖሎችን በ360፣ አንቶሲያኒኖችን በ520 ናኖሜትር ያነባቸዋል።

ነገር ግን ለጎምዛዛነቱ ዋነኛ ምክንያት የሆኑት ትላልቆቹ ታኒኖች ርዝመቱ በተለያየ ሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው በተለመደው ዓምድ አንድ በአንድ አይለዩም፤ በሥዕሉ ላይ የሚተዉት ሰፊና ዝቅ ያለ ጉብታ ነው። ተመራማሪው በአሲድ ሰባብሮ ቁርጥራጮቹን ይለካል፤ ጠቅላላውን ሲሻም ወደ 1965ቱ ሰማያዊ ፈሳሽ ይመለሳል።