የወጣቶች ደሴት ልጆች

እስቲ ጠጋ በሉና ኩባ ስላደጉት ልጆቻችን ላውጋችሁ።

ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው። የካቲት ላይ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደር ጎን ለጎን ተሰልፎ ጅጅጋን ከሶማሊያ ጦር አስለቅቋል። ድሉስ ድል ነው፤ አባቱ በዚያ ጦርነት የቀረበትን ልጅ ግን ማን ያሳድገው? ኩባ «እኔ ላስተምር» አለች። በማግስቱ ዓመት፣ በ1971፣ ልጆቹ ውቅያኖስ ተሻገሩ። በኋላ ሌሎች እየተከተሏቸው ቁጥራቸው በሺዎች ሆነ።

ማረፊያቸው ሀቫና አልነበረም። ከዋናው ምድር በስተደቡብ፣ ፊደል ካስትሮ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የታሰረባት ደሴት አለች፤ ልጆቹ በሄዱበት ሰሞን «የወጣቶች ደሴት» ተብላ ነበር። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ ልጆችም እዚያው ይማሩ ነበር፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው።

ታዲያላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ እርሻ መሐል ነው የተሠራው። ወደ 600 የሚጠጋ ልጅ የሚይዝ የኮንክሪት ሕንፃ፣ ተደራራቢ አልጋ የተደረደረበት መኝታ ቤት፣ ዙሪያው ማለቂያ የሌለው የግሬፕ ፍሩት ተክል። ጠዋት ክፍል የገባው ከሰዓት እርሻ ይወርዳል፤ ጠዋት እርሻ የዋለው ከሰዓት ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ፀሐዩ ከእርጥበቱ ጋር ልብስ ከጀርባ ያጣብቃል። አረም ይነቅላሉ፣ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ሣጥን ይሞላሉ። ብርቱካን መስሎት ልጦ የጎረሰ አዲስ ገቢ ምሬቱ ፊቱን ያጨማድደዋል። ምግቡ ሩዝና ጥቁር ቦሎቄ ነው። እንጀራ የለ፣ በርበሬ የለ።

ትምህርቱ በስፓኒሽ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቋንቋው። ልጅ ቶሎ ይለምዳልና ብዙም ሳይቆዩ በስፓኒሽ ሒሳብ ሠሩ፣ በስፓኒሽ ተጣሉ፣ ታረቁ። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አብረዋቸው ኢትዮጵያውያን መምህራን ሄደው አማርኛውን፣ ታሪኩንና ጂኦግራፊውን አስተምረዋቸዋል። ጦርነት ወላጁን ለነጠቀው ልጅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት ለሌለው ልጅ፣ አገሩ የምትገኘው በዚያች ክፍለ ጊዜ ነበር። ያቺ ክፍለ ጊዜ ባትኖር ኖሮ ስንቱ ሲመለስ ለገዛ ዘመዱ ባዕድ በሆነ!

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ሐኪም ሆኑ፣ መሐንዲስ ሆኑ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆኑ። በ1983 ደርግ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ ኩባም ድጋፏ ተቋርጦ ክፉኛ ተቸገረች። ገና በትምህርት ላይ የነበሩትን የላካቸው መንግሥት የለም፣ ያሳደጋቸውም አገር የሚበላው አነሰው። የተመለሰውም ቢሆን ልጅ ሆኖ የወጣባትን አገር ጎልማሳ ሆኖ እንደ አዲስ መልመድ ነበረበት። ይህ ሁለተኛው መልመድ ከመጀመሪያው የከፋ ይመስለኛል፤ በልጅነት አብሮ የሚለምድ ጓደኛ ነበር፣ በዚህኛው ግን ሁሉም ለየብቻው ነው።

በጦርነቱ ለወደቁት፣ ለኢትዮጵያውያኑም ለኩባውያኑም፣ አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት ቆሞላቸዋል። የልጆቹ ታሪክ ግን አብዛኛው ያለው በራሳቸው አንደበት ነው። ብዙዎቹ ዛሬ ስድሳ ዓመት እየሞላቸው ነው። እናም በሰፈራችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ «ኩባ ነው ያደግሁት» የሚል ሰው ካለ ቡና አፍሉለትና ጠይቁት፤ የሚነግራችሁንም ጻፉት።