ጦማር፦ ቀን የተጻፈበት ገጽ ታሪክ

ጦማር በግእዝ ጥቅልል ወይም ደብዳቤ ማለት ነው፤ ቃሉ ከግሪክ የተወረሰ ነው። ለብዙ ዘመን ከሊቃውንት አፍና ከመዝገበ ቃላት ሳይወጣ ኖሮ፣ በኢንተርኔት ዘመን «ብሎግ» ለሚለው እንግዳ ቃል አቻ እንዲሆን ተጠራ። ጸሐፊው «ጦማሪ»፣ ሥራውም «መጦመር» ተባለ። ስያሜው ለነገሩ ባልታሰበ መንገድ ተስማምቶታል፤ ጦማርም እንደ ክታብ ጥቅልል ከላይ ወደ ታች እየተተረተረ ይነበባል። አዲሱ ጽሑፍ ከላይ፣ የቆየው ከታች ይቀመጣል፣ በየራስጌውም የተጻፈበት ቀን ይሰፍራል። ስለ ፖለቲካም ይሁን ስለ ወጥ አሠራር፣ ጽሑፍን ጦማር የሚያሰኘው ይህ ቀን ነው።

ቀን እየጠቀሱ የግል ኑሮን መጻፍ ከኮምፒውተር በብዙ ይቀድማል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ ከጃንዋሪ 1660 እስከ ሜይ 1669 የዕለት ውሎውን በአጭር ጽሕፈት ሲመዘግብ ቆይቷል። የበላውን፣ ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን፣ የለንደንን ወረርሽኝና ቃጠሎ ሁሉ በአንድ መዝገብ አስፍሯል። ያቆመው ዓይኑ የሚጠፋ ስለመሰለው ነው። ዓይኑ ግን አልጠፋም፤ ከዚያ በኋላ 34 ዓመት ቢኖርም ወደዚያ መዝገብ አልተመለሰም።

በኢንተርኔት ላይ የመጀመሪያው ጦማሪ ማን እንደሆነ ብዙ ክርክር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ስም ጀስቲን ሆል ነው። አሜሪካዊው የኮሌጅ ተማሪ በ1994 የግል ገጹን ከፈተ፣ በ1996 ደግሞ በየቀኑ ይጽፍበት ጀመር። በዚያን ጊዜ አንድ አንቀጽ መጨመር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ጸሐፊው የገጹን ፋይል በሙሉ ይከፍታል፤ አዲሱን አንቀጽ ከአሮጌው በላይ ያስገባል፤ ቀኑን በእጁ ይጽፋል፤ ከዚያ በስልክ መስመር መልሶ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። አንዲት ምልክት ከተዛነፈች ገጹ በሙሉ ይበላሻል። ጆርን ባርገር በዲሴምበር 1997 ለዚህ ዓይነቱ ገጽ «ዌብሎግ» የሚል ስም አወጣለት፤ «የድር መዝገብ» እንደማለት ነው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ ቃሉን በቀልድ ከሁለት ቆርጦ «ዊ ብሎግ» አለው፣ «እኛ እንብሎጋለን» ለማለት። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በአንድ ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡት ዌብሎጎች 23 ብቻ ነበሩ።

በኦገስት 1999 ኢቫን ዊሊያምስና ሜግ ሁሪሃን የመሠረቱት ትንሽ ኩባንያ «ብሎገር»ን አወጣ። በስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን አለ፤ ከሥሩ አንድ ቁልፍ። ጸሐፊው ጽፎ ቁልፉን ይጫናል፣ ቀኑንና ቅደም ተከተሉን ማሽኑ ራሱ ይሠራል። ጦማርን ከቴክኒክ አዋቂዎች እጅ አውጥቶ የአስተማሪዎች፣ የነርሶችና የሥራ ፈላጊዎች ያደረገው ይህ ባዶ ሳጥን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉግል ኩባንያውን በ2003 ገዛው፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር «ወርድፕረስ» የተባለው ሌላ የጦማር መሣሪያ ወጣ። በ2004 መሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት «ብሎግ»ን የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

ሳጥኑ ሥራውን ቢያቀልልም ቀኑ ደግሞ ሌላ ሸክም አመጣ። ማስታወሻ ደብተር ላይ ሦስት ወር ያልጻፈን ሰው ማንም አያውቅበትም፤ በጦማር ላይ ግን ክፍተቱን አንባቢ ሁሉ ያየዋል። «ስለጠፋሁ ይቅርታ» የሚለው መግቢያ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት እስኪመስል ድረስ ተለመደ። «በቅርቡ እመለሳለሁ» ከሚል ቃል በኋላ አንድም ጽሑፍ ሳይጨመርባቸው ዓመታት ያለፏቸው ገጾችም ጥቂት አይደሉም።

ሸክሙን ወደ ጉልበት ከለወጡት ጸሐፊዎች በይበልጥ የምትታወቀው ጁሊ ፓወል ናት። በኒውዮርክ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ስትሠራ፣ በኦገስት 2002 በሥራዋ የተሰላቸችው ሴት ለራሷ ቀነ ገደብ ቆረጠች። ከጁሊያ ቻይልድና ከባልደረቦቿ የፈረንሳይ ምግብ መጽሐፍ 524 የምግብ ዓይነቶችን በ365 ቀን ለመሥራትና የሆነውን ሁሉ ለመጻፍ ቆረጠች። ማታ ከሥራ ተመልሳ በጠባቧ ማድ ቤት ታበስላለች፤ ወጡ ሲያርም፣ ሥጋው ሳይበስል ሲቀርም፣ ከባሏ ጋር ስትነታረክም ያው ይጻፋል። ልማዱን ያቆየላት የመጻፍ ፍቅር ብቻ አልነበረም። የሚቆጠር ሥራ፣ የተቆረጠ ቀንና የሚጠብቅ አንባቢ ነበራት። ጦማሩ በ2005 መጽሐፍ፣ በ2009 ፊልም ሆነ።

በቁጥር ራስን የማሰሩ ዘዴ በሌላም በኩል ተስፋፍቶ ነበር። በጁላይ 1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች በአንድ ወር ልብ ወለድ ጽፈው ለመጨረስ ተነሡ፤ ኋላ ወሩ ኖቬምበር ሆነ፤ ግቡም 50,000 ቃል ነበር፣ በቀን 1,667 ገደማ ማለት ነው። በ2006 ኢደን ኬኔዲ የተባለች ጦማሪ ደግሞ በዚያው ወር በየቀኑ አንድ ጽሑፍ የማውጣትን ልማድ ጀመረች።

በአማርኛ ነገሩ የተጓዘበት መንገድ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ሲሆን፣ ትልቁ ችግር ፊደሉ ነበር። በአንዱ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ድረ ገጾች ጽሑፉን በምስል ወይም በፒዲኤፍ ያወጡ ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሰጠው፤ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ተራው ሰው ቤት እስኪደርስ ዓመታት ወሰደ። ማይክሮሶፍት ናያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። መተየቡም ትዕግሥት ይጠይቃል። በድምፅ በሚሠራው ኪቦርድ «ኤስ» ሲመታ «ስ» ይመጣል፣ «ኢ» ሲከተል ወደ «ሰ» ይለወጣል፤ ባለ ሦስት ፊደሏን «ሰላም» ለመጻፍ አምስት ምት ያስፈልጋል። በደቂቃ በሚታሰብ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ እንዲህ መጻፍ ኪስ ስለሚጎዳ፣ ቤት ወይም ቢሮ ተይቦ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻል ነበር።

በ2005ቱ ምርጫ ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ ይጽፉ ከነበሩት ጦማሮች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የነበሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በሜይ 2006 የብሎገር ጦማሮች በሚቀመጡበት በብሎግስፖት ላይ ያሉ ገጾች አገር ውስጥ አልከፈት አሉ። አማርኛው ጎልቶ የወጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ወግ የተባለው የአጻጻፍ ስልት ተዘጋጅቶ ጠበቀው። መስፍን ሀብተ ማርያም በመጽሐፍ ያስለመደው አጭር፣ ጨዋታ አዋቂና ከዕለት ኑሮ የሚነሣ ጽሑፍ ለጦማር ልክ የተሰፋ ያህል ነበር። እንደ ዳንኤል ክብረት ያሉ ጸሐፊዎች በጦማር ያወጧቸው ወጎች ኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል።

በ2012 የተመሠረተው የጦማሪያን ቡድን ዞን 9 ስሙን ያገኘው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞኖች ስለነበሩት፣ ከግቢው ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው መሆኑ ነው። «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚለው መፈክራቸው ግሱን ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ለሕዝብ ጆሮ አደረሰው። በኤፕሪል 2014 ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ የተፈቱት በ2015 ጁላይና ኦክቶበር ውስጥ ነው።

ጦማርን ግን ከእስርና ከእገዳ ይልቅ ያዳከመው ምቾት ነው። ያን ባዶ ሳጥን ያስለመደው ኢቫን ዊሊያምስ በ2006 ትዊተርን ከመሠረቱት አንዱ መሆኑ የታሪኩ ምፀት ነው፤ አዲሱ ሳጥን መጀመሪያ 140 ምልክት ብቻ ይይዝ ነበር። ፌስቡክም በዚያው ዓመት ለሁሉም ተከፈተ። አንባቢው እዚያ ስለተሰበሰበ ጸሐፊውም ተከተለው፤ በዕውቀቱ ሥዩምን የመሳሰሉ የወግ ጸሐፊዎች በፌስቡክ ብዙ አንባቢ አፈሩ። የጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው። ጽሑፉ ለማን፣ መቼ እንደሚታይ የሚወስነው የኩባንያው ስሌት ሆነ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት የወጣን ወግ ፈልጎ ማግኘትም አድካሚ ነው። ጦማሮችን በአንድ ቦታ ለመከታተል ያገለግል የነበረው ጉግል ሪደር በጁላይ 2013 ተዘጋ።

ወደ ጦማር መመለሱ ግን ያለ ግርግር የሚካሄድ ነው። ከ1998 ጀምሮ የሚጦምረው ጄሰን ኮትኪ በ2022 ለወራት አርፎ ወደ ገጹ ተመለሰ። በ2017 የተቋቋመው ሰብስታክ ጽሑፍን ቀን እየተጻፈበት በኢሜይል እየላከ ብዙ የቀድሞ ጦማሪያንን ስቧል። በኢትዮጵያ በ2018 ከተከፈቱት 264 ታግደው የነበሩ ድረ ገጾች መካከል ጦማሮችም ነበሩ፤ ጸሐፊዎቹ ግን በአመዛኙ ወደ ቴሌግራም ቻናል አዘንብለዋል። ቻናሉ ጽሑፍን በቀኑ ተራ ስለሚያስቀምጥ፣ አዲሱን ከታች ማድረጉ ካልተቆጠረ ለጥንቱ ጦማር የቅርብ ዘመዱ ነው።

የፒፕስ መዝገብም ወደ ኢንተርኔት ገብቷል። ፊል ጋይፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ጀምሮ የየዕለቱን ማስታወሻ በዚያው ዕለት እያወጣ፣ ሜይ 31 ቀን 2012 ጨረሰ። በጃንዋሪ 2013 ከመጀመሪያው ቀን እንደገና ጀመረ።