ክላርክ ስለ ተባለው የእንግሊዝ ስም

በእንግሊዝ አገር እጅግ ከበዙት የቤተ ሰብ ስሞች አንዱ ክላርክ ነው። እንግሊዛውያን እንደ ኢትዮጵያውያን በአባት ስም አይጠሩም፤ ከቅድመ አያት የወረደው አንድ ስም ከልጅ ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋል። የዚህም ስም ሥር ክሌሪኮስ የሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ፍችውም ካህን ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ከቤተ ክህነት ወገን በቀር ፊደል የሚያውቅ ጥቂት ስለ ነበረ ካህኑም ጸሓፊውም በአንድ ስም ተጠራ። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ቀሳውስቱን ከጋብቻ ብትከለክልም በታችኛው መዓርግ ያሉት ሚስት ያገቡ ነበርና ስሙ ለልጆቻቸው ተረፈ። የደብተራን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ማንበብ በዚያ አገር ነፍስ ያድን ነበር። ካህን በዓለማዊ ዳኛ በሞት እንዳይቀጣ ሥርዓት ስለ ነበረ፥ የክህነቱም ምስክር ማንበቡ ስለ ሆነ፥ ሞት የተገባው ሰው ከመዝሙረ ዳዊት 50ኛውን፥ እነርሱ 51ኛ የሚሉትን፥ መጀመሪያውን ቍጥር ካነበበ ከስቅላት ይድን ነበር። ሕዝቡም «የአንገት ቍጥር» ብሎ ሰየመው። ፊደል ያልቈጠረውም ወንበዴ በቃሉ አጥንቶ ይቀርብ ጀመር። ስለዚህ በ1489 (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር) የወጣው ሕግ ካህን ላልሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ፈቅዶ አውራ ጣቱ በጋለ ብረት እንዲተኰስ አዘዘ። ባለ ቅኔው ቤን ጆንሰን በ1598 ሰው ገድሎ የዳነው በዚሁ ነው። የማንበቡ ፈተና በ1706፥ ሥርዓቱም ጨርሶ በ1827 ቀረ። ለትምህርት ክብር ነው ቢባልም ለፍርድ ግን ነውር ነበር።

በስሙ ከታወቁት ሳሙኤል ክላርክ በ1715ና በ1716 ከሊብኒዝ ጋር በደብዳቤ የተከራከረ ሊቅ ነው። አዳም ክላርክ መጻሕፍትን ተርጕሞአል። አርተር ክላርክም በ1945 ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞር ሰው ሠራሽ ኮከብ ቃል ለማስተላለፍ እንዲጠቅም ጽፎ፥ ነገሩ በዘመኑ ሲፈጸም አይቶ በ2008 ዐረፈ።

ከሁሉ ግን የሚበልጠው ቶማስ ክላርክሰን ነው፤ ክላርክሰን ማለትም የክላርክ ልጅ ማለት ነው። በ1785 የካምብሪጅ ትምህርት ቤት፥ ሰውን ያለ ፈቃዱ ባሪያ ማድረግ ይገባልን? የሚል ጥያቄ ሰጥቶ ተማሮችን በላቲን አጻፈ። ዲያቆን ክላርክሰን የጻፈው ለሽልማት ብቻ ነበር፤ አንደኛም ወጣ። ነገር ግን ወደ ለንደን ሲሄድ የጻፈው ነገር ልቡን አስጨነቀውና ዌድስሚል በተባለው ስፍራ ከፈረሱ ወርዶ በመንገድ ዳር ተቀመጠ፤ ይህ እውነት ከሆነ ያስቀረው ዘንድ አንድ ሰው መነሣት አለበት ሲል ዐሰበ። ከ1787 ጀምሮ ሰባት ዓመት ያህል በፈረስ ከወደብ ወደ ወደብ እየዞረ መርከበኞችን መረመረ፤ እግር ብረቱንና ሰንሰለቱን ገዝቶ ለሸንጎ አሳየ። የባሪያ ንግድ በ1807 ተከለከለ፥ የባርነት ማጥፊያውም ሕግ በ1833 ወጣ። ክላርክሰን ሁለቱንም አይቶ በ1846 ሞተ፤ ከዲቁናውም ወደ ቅስና አላለፈም።