ኢትዮጵያና አርመን፦ በኢየሩሳሌም የተመለሰ ውለታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኢትዮጵያና አርመን በድንበር አይዋሰኑም፤ በመካከላቸው ባሕርና በረሃ አለ። ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ባለመቀበል በአንድ የሃይማኖት ቤተሰብ ጸንተው ኖረዋል።

ዝምድናው በቃል ብቻ አልቀረም። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው የላኩት ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነበር፤ እርሱም በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን ገባ። በኢየሩሳሌም የነበሩ አባቶቻችን መነኮሳትም ችግር በጸናባቸው ዘመን ከአርመን ገዳም የዕለት ምግብ ተቀብለዋል።

ከዚያ በኋላ መከራው በአርመናውያን ላይ ደረሰ። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ግዛት የጀመረው እልቂት ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ አስቀረ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ በአርመን መንበረ ፓትርያርክ የተጠለሉትን ልጆች አዩ፤ አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱት ብሔራዊ መዝሙር በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ተሰማ።

ልብ በሉ፤ እንጀራ የተቀበልንባት ከተማ ልጆች የተቀበልንባት ሆነች። ስደተኛም ልጆቹን ይዞ በደጃችን ሲቆም፥ እኛም በሰው ሀገር ተርበን እንደ ጎረስን እናስታውስ። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን መቀበል እርሱን መቀበል እንደ ሆነ አስተምሮናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።