ዜና ዱም፤ ከዶስ ወደ ዛሬው ኮምፒውተር እንደ ተሻገረ፣ የጉሙዝም ፊደል እንደ ተከተለ

በ1986 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን ዓርብ፣ ኢድ ሶፍትዌር የሚባሉ የቴክሳስ ሰዎች ዱም የተባለውን ጌም አወጡ። በአገራችን የሽግግር መንግሥት ዘመን ነበረ፤ አሶሳም የጉሙዝ ሕዝብ ለሚኖርበት አዲስ ክልል መዲና ከሆነች ገና ሁለት ዓመት ያህል ቢሆን ነው። የጌሙ ነገር እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በወታደር ዓይን እያየ፣ ጠመንጃው ከስክሪኑ ግርጌ ተደግኖ፣ በማርስ ጨረቃዎች ላይ ከሲኦል የወጡ አጋንንትን ይገጥማል። ከሠሪዎቹ መካከል ስማቸው ከሁሉ የገነነው ሁለቱ ጆኖች ነበሩ፤ ካርማክ ኮዱን ይጽፋል፣ ሮሜሮ አጋንንቱ የሚያደቡበትን አዳራሽና መተላለፊያ ይነድፋል። ባለ 9 ደረጃውን የመጀመሪያ ክፍል በነፃ አደሉ፤ የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ሸጡ።

ዱም የተጻፈው በሚሸጥበት ማሽን ላይ አልነበረም። ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ባቋቋመው በኔክስት ኮምፒውተር ላይ በሲ ቋንቋ ይጽፉታል፤ ገዢው ግን ዶስ በተባለው በዘመኑ የኮምፒውተር ሥርዓት ይጫወተዋል። ስለዚህም ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረውን ኮድ፣ ይኸውም የስክሪኑን፣ የድምፁንና የኔትወርኩን፣ ከጌሙ ሕግ ለይተው በተለዩ ፋይሎች አኖሩት። ጋኔኑ መቼ እንደሚነቃ፣ ጥይቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው ኮድ ስለ ስክሪኑ ዓይነት ምንም አያውቅም። ያን ጊዜ ይህ የሥራ ማቅለያ ብቻ ነበር። በኋላ ጌሙን ያሻገረው ግን ይኸው ነው።

ዱምን ከተመኙት መካከል የማይክሮሶፍት ሰዎች ይገኙበታል። ዊንዶውስ 95 የጌም አገር አይደለም ይባል ነበርና ያን ስም ለመፋቅ ጌሙን ወደ ዊንዶውስ አሻገሩት፤ የሥራውም መሪ ኋላ ቫልቭ የተባለውን የጌም ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጌብ ኒውዌል ነበር። በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ቢል ጌትስ ራሱ ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ፣ በዱም ውስጥ ቆሞ የሚናገርበት ቪዲዮ ታየ። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ቢኖረው ኖሮ ይህን ቀን ሳይመዘግብ ባላለፈ!

ዘመነ ማርቆስም ዞሮ በመጣ ጊዜ፣ በ1990 ዓ.ም. ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ካርማክ የምንጭ ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው። የለቀቀው ግን ሊኑክስ ወደ ተባለው ሥርዓት የተሻገረውን እንጂ የዶሱን አልነበረም፤ የዶሱ የድምፅ ክፍል የሌላ ሰው ንብረት ነበርና። ከኮዱ ጋር ባኖረው ደብዳቤ ስለዚህ ነገር እንደ ተጸጸተ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የድምፁንም ኮድ ራሱ እንደሚጽፍ ተናገረ። በመጀመሪያ ለትምህርት እንጂ ለንግድ እንዳይውል ተከልክሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. መባቻ ግን በጂፒኤል ፈቃድ ወጣ፤ ማንም ለውጦ ቢያሰራጭ የለወጠውንም ኮድ አብሮ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ፈቃድ ነው። ሥዕሉ፣ ድምፁና ደረጃዎቹ የኩባንያው ሆነው ቀሩ።

ያን ኮድ ዛሬ እንዳለ ወስዶ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ለማስነሳት የሚሞክር ሰው ብዙ ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው የቀለም ነው፤ አሮጌው ጌም በ256 ቀለም የሚሠራ ስክሪን ይፈልጋል፣ የዘመኑ ስክሪን ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ቀለም ያሳያል። ክፉው ግን የአድራሻ ነገር ነው። በዚያ ዘመን የሜሞሪ አድራሻ 4 ባይት ነበር፤ በባለ 64 ቢቱ ማሽን 8 ባይት ሆኗል። የግድግዳ ሥዕሎች መግለጫ በሚነበብበት ቦታ ጌሙ የማይጠቀምበት የአድራሻ ክፍት ቦታ ነበር፤ እርሱ በ4 ባይት ሲሰፋ ከኋላው ያለው ሁሉ ተንሸራተተና ጌሙ ግድግዳውን በተሳሳተ ቦታ መፈለግ ያዘ። ያልተሠራበት ቦታ የተሠራበትን አፈረሰ።

የተቀዱ ጨዋታዎችም ነገር አለ። ዱም ጨዋታን ሲቀዳ ምስል አያስቀምጥም፤ በሴኮንድ 35 ጊዜ ተጫዋቹ ያዘዘውን ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ አሻጋሪው ከሕጉ ቅንጣት ቢለውጥ፣ ስህተት እንኳ ቢያርም፣ በቀረጻው ያለው ጀግና መንገዱን ስቶ ከባዶ ግድግዳ ጋር ይታኮሳል። ሳይመን ሃዋርድ ቾኮሌት ዱም የተባለውን ሽግግር ሲሠራ የዶሱን ስህተቶች ሳይቀር ጠብቆ ያኖረው ለዚህ ነው። ጂዜድዱምን የመሰሉት ሽግግሮች ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ማየትን፣ አዲስ ብርሃንንም ጨመሩ። ሁለቱም ወገን ደጋፊ አለው፤ በእውነቱ ግን የአሮጌ ሥራ ባላደራ መባል የሚገባው ሃዋርድ ነው።

ጂፒኤሉ በወጣበት ወራት በእኛም ፊደል ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የቀድሞው የኮምፒውተር ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከነዘሩ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ይከፋፍሉታል፣ ሁሉም በየራሱ ሥርዓት። አንዱ ዘንድ «ሀ» የተቀመጠበት ቁጥር ሌላው ዘንድ ሌላ ፊደል ይሆናል። በፈረንጆች 1999 የወጣው፣ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት 3.0 እትም ግን ለግዕዝ 345 ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ፤ የጌሙ ሕግ ከማሽኑ እንደ ተለየ ሁሉ ፊደሉም ከፎንቱ ተለየ።

በአባይ ግራና ቀኝ፣ በመተከልና በካማሺ ለሚነገረው ጉሙዝኛ ግን ይህ አልበቃም፤ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉትና። ቋንቋው ለጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና ባስኬቶ ከተጨመሩት ጋር በ32 አዲስ ምልክቶች የተካተተው ዩኒኮድ 6.0 ሲወጣ፣ በ2003 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ጥቅምት 1 ቀን ነው። ከአማርኛው 11 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው።

የአሶሳ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በአሮጌው ፎንት የተተየበ ደብዳቤ፣ አሶሳም ሆነ አዲስ አበባ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ብሎ ይታያል። መለወጫ ፕሮግራም አለ፤ ሆኖም ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደ ተተየበ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።