የኮሶ ሻጭ ልጅ

ባለፈው ስብሰባችን አንዲት አባላችን፣ «እናቴ በመርጡለ ማርያም ገበያ ኮሶ ትሸጥ ነበር፤ እኛስ ለማኅበሩ ገቢ እያዘጋጀን ብንሸጥ ምን ይለናል?» ስትል ጠየቀች። ግማሾቻችን ሳቅን፣ ግማሾቻችን አፈርን። ኃፍረቱ የቆየ ታሪክ ስላለው ይህን ለመጻፍ ተነሣን።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ቀላ ያለ አበባ ነው። እናቶቻችን አበባውን አድርቀው፣ ወቅጠውና ነፍተው በውኃ ወይም በጠላ ይበጠብጡታል። ጠጪው ማልዶ በባዶ ሆዱ ይጨልጠዋል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል ስለማይጠፋ በየሁለት ወሩ የሚጠጣው ብዙ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳም አያነጋግርም። (ውኃ የምትቀዳው ሴት ኮሶ በጠጣች ቀን ዐርፋ መዋሏን ግን እንጠራጠራለን።)

ከኮሶ ሻጮች ሁሉ ስማቸው የደረሰን የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። በችግር ጊዜ ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ይባላል። ባላንጣዎቻቸውም ካሣን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። የእቴጌ መነን ሹም ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ እየፎከሩ ዘምተው በተማረኩ ጊዜ፣ ካሣ ኮሶ አስጠጧቸው እየተባለ ይተረካል። ካሣ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እኛን የሚገርመን ግን ሌላ ነው፤ መኳንንቱ ራሳቸው ኮሶ ጠጪዎች ነበሩ። የናቁት ሻጭዋን እንጂ መድኃኒቱን አልነበረም።

ባሕር ማዶማ ኮሶ ተከበረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ገለጸ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ሐገኒያ አቢሲኒካ የሚለው ሳይንሳዊ ስሙም ሐገን የተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ሊቅ መታሰቢያ ነው። በየገበያው እየሰፈሩ የሸጡት ሴቶች ስም የለበትም።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ያከራከረን መጠኑ ነው። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ እስከ መታወርም ያደርሳል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። የአበባው ኃይል እንደ ትኩስነቱ ይለያያልና በእፍኝ የተሰፈረው ዛሬ ልክ ቢሆን ነገ ይበዛል። አሁን በጤና ጣቢያ መጠኑ የታወቀ እንክብል አለ። ስለዚህ አንሸጥም ብለን ወሰንን፤ ጠያቂዋ አባላችን ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማችም።

የተስማማነው በዛፉ ላይ ነው። እንጨቱ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ ይቆረጣል፤ የሴቴው አበባ ቶሎ ሲለቀም ደግሞ ዘር አይተርፍም። ለዚህ ክረምት ችግኝ ለማፍላት አስበናል። ዘሩ ከየትኛው ዛፍ፣ መቼ እንደሚለቀም ታላላቆቻችንን እየጠየቅን ነው፤ ከሁሉ አስቀድመንም የጠያቂዋን እናት።